«እንዲያው ነው»

የሼክስፒርን ኦቴሎ የሚያጠና ተማሪ መጀመሪያ የሚያሰምረው ኢያጎ ብቻውን ሲቀር ለተመልካቹ የሚናገራቸውን ረጃጅም ንግግሮች ነው። ያስፈራሉ፤ ለፈተናም ይመቻሉ። «ኢያጎ ሹመት የቀረበት፣ ቀናተኛና ተንኮለኛ ሰው ነው» ተብሎ ይጻፍና ገጹ ይገለበጣል።

ኦቴሎ ግን ያን ሁሉ አልሰማም። እሱን ያጠፋው ሌላ ነው። ሦስተኛው ገቢር፣ ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ካሲዮ ከዴዝዴሞና ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ሹልክ ይላል። ኢያጎ ለራሱ እንደሚያጉተመትም ሰው፣ ነገሩ እንዳልጣመው ይናገራል። ምን አልክ ሲባል፣ ምንም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ጌታው ዴዝዴሞናን ባጩበት ጊዜ ካሲዮ ያውቅ እንደነበር ይጠይቃል። ለምን ጠየቅከኝ ሲባል የሚሰጠው መልስ በሰፈር አማርኛ «እንዲያው ነው» የሚባለው ዓይነት ነው። (እንዲህ ብሎ ነገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ያልገጠመው ማን አለ?) ከዚያ ወዲያ ለማኙ ኦቴሎ ነው። ተናገር እያለ ይወተውታል፤ ኢያጎ የጌታውን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ እየመለሰ ያሰማዋል።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ እዚህ ጋ ይቸገራል። የኢያጎ ቃል ሥሩ ቢቆፈር ወርቅ የለውም። ወርቁን የሚሠራው ሰሚው ነው። ስለዚህ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ንግግር ነጥሎ ከማጥናት፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ይዞ ከጓደኛ ጋር ድምፅ አውጥቶ መቀባበል ይሻላል። ኢያጎን ሆኖ ያነበበ ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደተናገረ ያኔ ይገባዋል።

ኤሚሊያም አለች። በአምስተኛው ገቢር ኦቴሎ ሚስቱን ከገደለ በኋላ፣ ነገሩን ሁሉ ባሏ እንደሚያውቅ ይነግራታል። የምትመልሰው ባሏን መጥራት ብቻ ነው። ያብራራላታል፤ እንደገና ባሏን። ኦቴሎ መደጋገሟ ያናድደዋል፤ ብዙ ተማሪም በዓይኑ ይዘለዋል። ሴትዮዋ ግን አብራው የኖረችውን ሰው ማንነት ገና እዚያው ቆማ እያወቀች ነው። የጠፋውን መሀረብ አንስታ ለባሏ የሰጠችው እሷ ናት፤ የመሀረቡ ወሬ ደግሞ ገና ሊመጣባት ነው። ሲመጣ ዝም በይ እየተባለች ትናገራለች፤ በዚያው ባሏ ወግቶ ይገድላታል።

በተውኔቱ ከማንም በላይ የሚናገረው ኢያጎ ተይዞ ለምን ይህን አደረግህ ሲባል፣ ከእንግዲህ ቃል እንደማይተነፍስ ይናገራል። የሚያምነው ሰሚ አልቀረውማ።