«እያጠና ነው እትዬ!»

ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ግቢው የቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የማወራላችሁም ልጅ ስሙ አይነሳም። እኔ ራሴ ግቢ ገብቼ አልተማርኩም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጣና ተሰረዘ፤ ድጋሚ ከተቀመጡት አንዷ ነኝ። ውጤት አልመጣልኝም። በፈተናው መሰረዝ አላሳብብም፤ አብረውኝ ድጋሚ ተፈትነው የገቡ ሞልተዋል። አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው።

ተማሪን ማወቅ የፈለገ በፈተና ሰሞን ፎቶ ኮፒ ቤት ይቁም! ሴሚስተሩን ሙሉ ያልታየ ሁሉ የሰው ኖት ታቅፎ ይመጣና «ፊትና ጀርባ፣ ቶሎ በይ!» ይላል። አሳይመንት አምጥቶ ስም ብቻ የሚያስቀይርም አለ። (አንዱ ሽፋኑ ላይ ያለውን የጓደኛውን ስም አስቀይሮ መጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ረሳው። እኔም ዝም አልኩት!) በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል ግን በእርሳስ የተጻፈ ግጥም፣ የአጭር ፊልም ድርሰት፣ የግድግዳ መጽሔት ይዘው ብቅ የሚሉ አሉ። እነሱን ሳይ ደስ ይለኛል።

የሰፈሬ ልጅ ኢንጂነሪንግ ነበር። ቀለሜ ነው፤ እስከ ሁለተኛ ዓመት ድረስ ማለቴ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ በእጁ የጻፈውን ድራማ ይዞልኝ መጣ። 47 ገጽ! «ታይፕ አድርጊልኝ፤ ሒሳቡን ቀስ ብዬ እሰጥሻለሁ» አለ። ማታ ማታ መዝጊያውን ገርበብ አድርገን እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ሴት ልጅ እንዲህ አትናገርም» እለዋለሁ፤ ይሰርዛል። ያን ሰሞን እኔም ተማሪ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ። እውነቱን ልናገር አይደል? ቀጥዬ ለሠራሁት ጥፋት ሰበቡ ይኸው ስሜት ነው።

እናቱ በየሳምንቱ የታጠበ ልብስ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ በእኔ በኩል ይልኩለታል። እንጀራ እየጋገሩ ሸጠው ነው ያሳደጉት። «እንዴት ነው ልጄ?» ይሉኛል።

«እያጠና ነው እትዬ!»

የቱን! እሱ ልምምድ ላይ ነው። መጀመሪያ ላብራቶሪ መቅረት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሚድ ወደቀ። እኔ ይህን እያወቅሁ «እያጠና ነው» እላለሁ።

ግንቦት ላይ ድራማው ታየ። አንድ ተማሪ «እንግዳዬ ናት» ብሎ በር ላይ ፈርሞ አስገባኝ። አዳራሹ ጢም ብሎ ደረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጠዋል። በጣቴ የለቀምኩትን ቃል ከተዋናይዋ አፍ ስሰማ እንባዬ መጣ። ሲያልቅ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። ሐምሌ ላይ ውጤት ተለጠፈ። ዲስሚሳል!

በ2012 መስከረም ግን ልጁ ሻንጣውን ሸክፎ «ግቢ ገባሁ» ብሎ ከቤት ወጣላችሁ። የሚያድረው ቤት የተከራየ ጓደኛው ጋ፣ የሚውለው እኔ ጋ። ጥራዝ ያግዘኛል። በሶውም አልተቋረጠም፤ እኔም «እያጠና ነው እትዬ!» ማለቴን አልተውኩም። ያ በሶ እንዴት ጉሮሮውን እንዳለፈ እሱ ይወቀው። እኔ ግን የእናቱን ፌስታል ስቀበል እጄ ይከብደኝ ነበር።

ንገራቸው ስለው የሰዎች ታሪክ ይቆጥርልኛል። «ገብረ ክርስቶስ ደስታ የእርሻ ትምህርቱን ትቶ አይደል ሠዓሊ የሆነው?» አዎ፣ ትቷል። ግን ትቶ ፎቶ ኮፒ ቤት አልተደበቀም! ጀርመን አገር ኮሎኝ ሄዶ ሥዕልን በወጉ ተማረ፣ ተመልሶም አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቢሆን መጀመሪያ ሕግ አጥንቶ ነው ቴአትር ሊያጠና አውሮፓ የተሻገረው። በ1950ዎቹ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ልጆች በኮሌጅ ቀን ንጉሡ በተቀመጡበት ግጥማቸውን ያነቡ ነበር። ንጉሥ ፊት! የእኔው ጀግና እናቱን ፈራ።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን እናቱ ራሳቸው ፌስታል አንጠልጥለው ከች አሉ። እሱ ከባንኮኒው ጀርባ ወረቀት ይጠርዛል። ሁለታችንም ደነዘዝን። እሳቸው ግን እሱን ትተው ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን የድራማ ፖስተር አዩ። መሠረተ ትምህርት ነው የተማሩት፤ የልጃቸውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ይኼ መቼ ነው?»

«ግንቦት» አለ።

«ሰው መጣ?»

«አዳራሹ ሞልቶ ነበር።»

«እኔን ለምን አልጠራኸኝም?»

እዚያው ሁሉንም ዘረገፈው። እሳቸው ለእኔ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ፌስታሉን ግን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ በእጁ ሰጡት። ከስድብ ይብሳል።

ይህን የሰማ ሁሉ «ድራማው ጣለው» ይላል። አይመስለኝም። ሚድ የወደቀ ጊዜ ከመምህሩ መነጋገር፣ ያቃተውን ኮርስ ማቋረጥ ይችል ነበር። ግን እንደዚያ ለማድረግ «እያጠናሁ አይደለም» ብሎ መጀመር አለበት። እኔ ደግሞ ያንን ዓረፍተ ነገር እንዳይናገር በየሳምንቱ አገዝኩት። የድጋሚ ቅበላ ማመልከቻውን በነፃ ታይፕ ያደረግሁለት ለዚህ ነው። ሊመለስ ሲል በመጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ተላከ። ያም ሆኖ በኋላ ገብቶ፣ ከእኩዮቹ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ተመረቀ።

አሁን ደንበኞቼ የሆኑ ሦስት ሴት ተማሪዎች በስልካቸው አጭር ፊልም ይቀርጻሉ። ቀረጻ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ፋይናል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አንዷማ መምህሯን አስፈቅዳ ፊልሙን የኮርስ ፕሮጀክት አድርጋዋለች፤ ብልጥ! ሌላዋ ባለፈው «ቤተሰብ ሲደውል ምን ልበል?» አለችኝ። «ፊልም እየቀረጽኩ ነው በያቸው» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

የሰፈሬ ልጅ ቀን ቢሮ ይሠራል፤ ማታ ሁለተኛ ድራማውን ይጽፋል። እናቱ አሁን ሲያገኙኝ «እንዴት ነው ልጄ?» አይሉኝም፤ «ስንተኛው ገጽ ላይ ደረሰ?» ነው የሚሉኝ። የመጀመሪያውን 47 ገጽ ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ አልከፈለኝም!