በቆርቆሮ የተከልኋት አበባና የእህቴ ውሃ

ወረኢሉ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ 1888 ዓ.ም. ይሄዳል፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ አድዋ ሲዘምቱ ሠራዊታቸው እንዲከትባት ያዘዙባት ከተማ ናትና። እኔ ግን ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ጦር ሳይሆን፣ በቤታችን ክፈፍ ሥር ስለተንጠለጠለች አንዲት አበባ ነው። አንባቢዎቼ «ይህ ምን ቁም ነገር አለው?» ሳይሉ እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

አዲስ አበባ የምትኖረው አክስቴ አምና ለፋሲካ ስትመጣ፣ ትንንሽ ድንች የመሰሉ ሦስት የቤጎኒያ ሥሮች አመጣችልኝ። ቤጎኒያ የሚለው ስም የተሰጠው ሚሼል ቤጎን ለተባለ ፈረንሳዊ ሹም መታሰቢያ ነው። ቅርንጫፏ ወደ ታች የሚንዠረገገው ዓይነት ግን ዘሩ የሚመዘዘው ከደቡብ አሜሪካ ከቦሊቪያ ተራሮች ነው። የደጋ ተክል ስለሆነች ቀዝቃዛ ሌሊት ትወዳለች፤ የቀትር ፀሐይና ውርጭ ግን አይስማሟትም። ይህን ስሰማ «እንግዲያው አገሯ ወረኢሉ ነው» ብዬ ደስ አለኝ።

ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ፈልጌ፣ ከእርሻችን ጥቁር ዋልካ ሞልቼ፣ ሁለቱን ሥሮች ተከልሁ። ከዚያም ቶሎ እንዲበቅሉ ብዬ ጧትና ማታ ውሃ አጠጣቸው ጀመር። ያ ውሃ ታናሽ እህቴ ከምንጭ በጀርባዋ የምታመጣው ነበር። ወሩ ሚያዝያ ስለነበረ ምንጩ ቀንሷል፤ ወረፋውም ረዥም ነው። እናቴ «የማይበላ ነገር ስታጠጣ ውሃው አለቀ» ብላ ስትቆጣ፣ እህቴ ሁለተኛ ትመላለስ ነበር። በዚህም ምክንያት ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አርፍዳ ደረሰች።

በግንቦት አፈሩን ብቆፍረው ሥሮቹ በስብሰው እንደ ገንፎ ሆነዋል፤ ሽታቸውም አያስጠጋም። እህቴ አጠገቤ ቆማ ተመለከተችና «ጋሼ፣ ያፈሰስኸው እኮ የእኔን ጀርባ ነው» አለችኝ። ከስድብ ሁሉ የባሰብኝ ይህ ቃል ነው።

በማግሥቱ የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅሁ። ሥር እንደ ሰው አየር እንደሚሻ፣ ዋልካ ውሃ ይዞ እንደሚያፍነው፣ ቆርቆሮውም መውጫ ቀዳዳ እንደሚያስፈልገው አስረዱኝ። ለካ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለእኔ ኖሯል! ስለዚህ የቆርቆሮውን ግርጌ በምስማር በሳሁ። ዋልካውን ትቼ አሸዋ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የቆየ ፍግ ቀላቀልሁ። የቀረችውን አንዲት ሥር ጎድጓዳ ወገኗን ወደ ላይ አድርጌ ተከልሁና፣ የጧት ፀሐይ ብቻ በሚያገኛት በኩል በሽቦ ሰቀልኋት። ውሃ የማጠጣትም ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ሆኖ ሳገኘው ብቻ ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ጀሪካኑን ተሸክሜ ምንጭ የምወርደው እኔ ነበርሁ። ጓደኞቼ «ወንድ ልጅ ውሃ ሊቀዳ!» እያሉ ሳቁብኝ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አፍሬ በጎድጓዳው መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር። ሃያ ሊትር ውሃ ዳገት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

በመስከረም አበባዋ ፈነዳች፤ ቀይ ብርቱካን መልክ ያለው እሳት ከቆርቆሮው ጫፍ ወደ መሬት የሚወርድ ይመስል ነበር። በአንድ ግንድ ላይ ድርቡ ትልቁ አበባ ወንዴ፣ ከጎኑ ያለው ትንሹ ደግሞ ሴቴ መሆኑን ለእህቴ አሳየኋት። እናቴም ሳትናገር ቆማ አየች፤ ከዚያ ወዲህ «የማይበላ ነገር» ስትል አልሰማሁም።

በኅዳር ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃ ከለከልሁ፤ ሥሯንም አውጥቼ ከውርጭ ለመጠበቅ በደረቅ አሸዋ ውስጥ አስቀመጥሁ። ዘንድሮ ደግሜ ተክያታለሁ። እህቴ አሁን አታረፍድም፤ ውሃውን በተራ እንቀዳለን። ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፣ አበባ ትከሉ፤ ነገር ግን ውሃው በማን ጀርባ እንደመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።