ገዢ መጀመሪያ የሚከፍተው ቧንቧ ነው፤ ቅዳሜ በጀሞ

ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ ካላችሁ ከሜክሲኮ ታክሲ ያዙና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውረዱ። መንገዱ ዳር የሴራሚክ፣ የቀለምና የጂፕሰም ሱቆች ተደርድረዋል። ከአንዱ ፎቅ የድሪል ድምፅ፣ ከሌላው የቡና ሽታ ይወርዳል። ሰፈሩ ሰው ከገባበት ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም እየተሠራ ያለ ይመስላል።

ምክንያት አለው። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ለባለዕድለኞች የተሰጡት ሳያልቁ ነው፤ ወለሉን፣ ግድግዳውንና ኩሽናውን እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ጨርሷል። ስለዚህ ሕንፃው አንድ ዓይነት፣ ከየበሩ ጀርባ ያለው ቤት ግን ልዩ ልዩ ነው። ቤቱን አሳድሶ ለመሸጥ ላሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

እኔ ትምህርቱን ያገኘሁት ከፍዬ ነው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ የእናቴ ጉልበት ደረጃውን እምቢ ሲል ሸጠን ግራውንድ ላይ ለመግዛት ወሰንን። ገዢ ይማረካል ብዬ ሳሎኑን ባለ መብራት ጂፕሰም አስለበስኩት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ «ደንበኛውን ሳትጠይቁ ዕቃ አታቅርቡ» እያልኩ የምውል ሰው ነኝ!

ቤቱን ሊያዩ የመጡት ወይዘሮ ጣሪያውን ቀና ብለውም አላዩት። በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቧንቧ ከፈቱ። ፈረቃችን ስላልነበረ ውሃ የለም። «ሮቶስ?» አሉ። የለንም። ወደ ኩሽና አልፈው ከእቃ ማጠቢያው ሥር ግድግዳውን በእጃቸው ዳበሱት፤ እርጥበት ነበረው። በመጨረሻ ጂፕሰሙን አይተው «ቤቱን ዝቅ አደረገው፤ ይነሳ ይሆን?» አሉ። ማስነሻውን ጭምር ከዋጋው ቀነሱ። እናቴ ከሄዱ በኋላ «ቧንቧውን አሠሪው ስልሽ ሁለት ዓመቴ» ከማለት በቀር አልተቆጣችም።

አሁን በዚያ ዓይን ሕንፃዎቹን እንይ። ደረጃው ላይ የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ቅድሚያ የሚሰጠውን ይነግሯችኋል። መጀመሪያ የሚያፈስ ቧንቧና የፍሳሽ መስመር ይጠገን፣ እርጥበቱ ከምንጩ ይቁም፤ ቀለም ከዚያ በኋላ ነው። ሮቶ ስታስቀምጡ ክብደቱን አስቡ፤ 500 ሊትር ውሃ ብቻውን ግማሽ ቶን ይመዝናል፤ በረንዳ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት መሐንዲስ ጠይቁ።

ቀጥሎ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ነው። ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው፣ የማያንሸራትት ሴራሚክ ምረጡ፤ የእናንተን ምርጫ የሚጮህ ቀለም ገዢው የሚያስነሳው ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ ግድግዳ ውስጥ የገባ ቁም ሳጥን ከጌጥ ይልቅ ዋጋ አለው።

በረንዳ ዘግቶ ክፍል ያደረገ፣ ግድግዳ አፍርሶ ሳሎን ያሰፋም ታያላችሁ። ተጠንቀቁ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የየራሳችን ቤትና የጋራ መጠቀሚያው ተለይተው የሚታዩ ናቸው፤ ደረጃውና ጣሪያው የሁሉም ነው። ያለ ማኅበሩና ያለ ባለሙያ የተነካ ሕንፃ ገዢን ያስፈራል። ካርታውን፣ የባንክ ዕዳ ማጣሪያውንና የመብራትና የውሃ ደረሰኞችን አንድ ማኅደር ውስጥ ማዘጋጀት ግን ምንም አያስወጣም።

ከመመለሳችሁ በፊት ሁለት መግቢያዎችን አወዳድሩ፤ አምፖሉ የሚበራና ደረጃው የተጠረገ፣ ሌላው ደግሞ ጨለማ። ገዢ ቤታችሁን መገመት የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ይህን ደግሞ ከጎረቤት ጋር ካልሆነ ብቻችሁን አትሠሩትም።

እኛ በተቀነሰው ዋጋ ሸጥን። ለግራውንዱ ቤት የጎደለውን በዕቁብ ሞላነው፤ ዛሬም እየከፈልኩ ነው። ያንን ቤት ልናይ የሄድን ዕለት እናቴ ከሁላችን ቀድማ ገብታ ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ ቧንቧ ከፈተች።