ነጩ ቀለም ስንት ወጣበት?

በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር፣ ከምንዛሪ ሠንጠረዡ አጠገብ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ቆርጬ ያኖርኳት ልጃገረድ አለች፤ ሆላንዳዊው ዮሐንስ ቬርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የሣላት ባለዕንቁ ጉትቻ። ወረፋው ሲረዝምብኝ ዓይኔን የማሳርፈው በጉትቻዋ ላይ ነው። ዕንቁ ይመስላል እንጂ ማንጠልጠያ እንኳ የለውም፤ በጥላ ላይ ያረፉ ጥቂት የነጭ ቀለም ጠብታዎች ናቸው። ስንኝ ለመቋጠር የሚታገል ሰው በዚህ ይቀናል።

ያ ነጭ የተሠራው ከእርሳስ ነው፤ ከምንጽፍበቱ ሳይሆን ከማዕድኑ። በሆላንዳውያን ዘዴ፣ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ኮምጣጤ ይጨመራል፤ ከኮምጣጤው በላይ የተጠቀለለ የእርሳስ ዝርግ ይቀመጣል፤ ማሰሮዎቹም በፈረስ ፋንድያ ተከበው ይዘጋባቸዋል። ፋንድያው ሲብላላ በሚሰጠው ሙቀትና ጋዝ፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ግራጫው ማዕድን ነጭ ቅርፊት ለብሶ ይገኛል። ይህ ቅርፊት ተፈጭቶ በተልባ ዘይት ሲለወስ ቶሎ የሚደርቅና በቀላሉ የማይሰነጠቅ ቀለም ይወጣዋል። ጎጂነቱን ሮማዊው ቪትሩቪየስ አስቀድሞ ጽፎታል፤ ሠዓሊዎች ግን የሚተካው አላገኙም።

ይሁንና ከመርዙ የከፋውን የቀመሰው ብሩሽ የያዘው እጅ አይመስለኝም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ነጩን የሚያራግፉትና ወደ ማድረቂያው ክፍል በራሳቸው ተሸክመው የሚያመላልሱት ድሃ ሴቶች ነበሩ። ብናኙ ሆድን በቁርጠት ያሠቃያል፣ የእጅ አንጓን ያሽመደምዳል፣ ጽንስ ያስወርዳል፤ ሲብስም አንጎልን መትቶ ይገድላል። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1868 በምሥራቅ ለንደን አንድ የአየርላንዳውያን ድሃ ቤት ገብቶ፣ በእርሳስ ተመርዛ የወደቀች ሴት አይቶ ጻፈ። እዚያ ቤት ልጆች ሲራቡ ከማየት መመረዙ ይሻላል ይባል ነበር። የቀን ክፍያው 18 ፔንስ ነው። ሙያዬ ቁጥር ነውና ከታሪኩ ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ይህ 18 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1898 እንግሊዝ ሴቶችን ከአደገኛው የፋብሪካ ሥራ አገደች፤ ቦታቸውን ወንዶች ያዙት። በ1921 ደግሞ በጄኔቫ ነጩን እርሳስ ለሕንፃዎች የውስጥ ቅብ መጠቀምን የሚገድብ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። በሁለተኛው አንቀጹ ግን የሥነ ጥበብ ሥዕልን ከክልከላው ነጻ አወጣ። ሠዓሊው ወዶ ይመረዛል፤ ፈቃዱ ነው ልበል። ቱቦው እጁ እስኪደርስ ያለፈባቸውን ሰዎች ፈቃድ ግን ማን ጠየቀ? ዛሬ በአብዛኛው ሠዓሊ ቤት ያለው ነጭ ቲታኒየም ነው፤ የቀድሞውን እየፈለጉ የሚገዙም አልጠፉም።