መሃሉን ለማን እንተወው?

እኛ የቀበና፣ የቤላና የፈረንሳይ ልጆች ከአዲስ አበባ ሳንወጣ አውሮፓን ያዳረስን ሰዎች ነን። ወያላው «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጮህ ፓስፖርት አይጠይቀንም። ለእንግዳ አቅጣጫ ስንነግር «እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ ውረድና ደውልልን» እንላለን። አንዱ ጓደኛችን ራሺያ አጥር ሥር ኳስ እየተጫወተ ነው ያደገው። ሌላው የሚኖረው ከጀርመን ጀርባ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፍቅረኛውን ሲሸኝ ጣልያን ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል።

ይህን ዕድል ያገኘነው ከዓድዋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከድሉ በኋላ የውጭ መንግሥታት ወኪሎቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ሲልኩ፣ አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ፣ ጫካ የሚያህል ሰፋፊ መሬት ሰጧቸው። ግቢዎቹ ዛሬም አሉ። አጥሩ ረጅም ነው፣ ዛፉ ብዙ ነው፣ ከዛፉ በላይ ደግሞ ባንዲራ አለ። እናም እኛ ባንዲራ እያየን ነው ያደግነው፤ የራሳችንንም የሰውንም።

የዛሬው ወጋችንም ስለ ባንዲራ ነው። «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ደግሞ ጀመራችሁ?» የምትሉ አንባቢዎች ትንሽ ታገሡን። ማንንም ልናስቀይም አልተነሳንም። ጎረቤቶቻችን እንዴት እንደሚኖሩ አይተን የራሳችንን ቤት ልንጠይቅ ነው።

ሥልጣን የሌለው ትልቅ ሰው

ከጎረቤቶቻችን መካከል ጣልያንና ጀርመን ፓርላሜንታዊ ሪፐብሊኮች ናቸው። በዚሁ ሰፈር ሦስተኛዋ ማን ትመስላችኋለች? እኛው ነን! ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 45 ላይ ሥርዓታችን ፓርላሜንታዊ ነው ይላል። ሲፈታ እንዲህ ነው፦ ሕዝብ ፓርላማውን ይመርጣል፣ ፓርላማው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሰይማል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ርዕሰ ብሔር የሚባል ፕሬዚዳንት አለ።

እስቲ በሰፈራችሁ ካፌ ውስጥ «ፕሬዚዳንታችን ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ይነግራችኋል። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ነጋሶ ጊዳዳ፣ ግርማ ወልደጊዮርጊስ፣ ሙላቱ ተሾመና ሣህለወርቅ ዘውዴ በተከታታይ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታዬ አጽቀሥላሴ ተሾመዋል። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ፓርላማውን ይከፍታሉ፣ የአምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላሉ፣ ይቅርታ ያደርጋሉ፣ ሕግ ይፈርማሉ። በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙስ? ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። ይኸው ነው።

«ታዲያ ምን ይሠራል?» ያላችሁ እንደሆነ፣ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በተለይ ቤት ተከራይቶ ለኖረ የአዲስ አበባ ልጅ። መንግሥት ተከራይ ነው። ሀገር ቤቱ ነው። ተከራይ መጋረጃ ይቀይራል፣ ሶፋ ያዞራል፣ ሲፈልግ ግድግዳውን ቀለም ይቀባል። ካርታውን ግን በስሙ አያዞርም። ፕሬዚዳንት፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ዓርማና መዝሙር የካርታው ዓይነት ነገሮች ናቸው። ተከራይ ቢለዋወጥም ቤቱ ያው ቤት መሆኑን የሚመሰክሩ።

ጀርመኖች ይህን የተማሩት ተቃጥለው ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመሠረቱት ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንታቸው ትልቅ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ነበረው። ያ ሥልጣን መጨረሻ ላይ ለሂትለር መንገድ ጠረገ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1949 አዲሱን ሕገ መንግሥት ሲጽፉ የፕሬዚዳንቱን ክብር አስቀርተው ጥርሱን አወለቁት። የጣልያኑ ትንሽ ይለያል። ለ7 ዓመት ይመረጣል፤ በአዘቦት ቀን ድምፁ አይሰማም፤ ችግር ሲመጣ ግን ዳኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሬዚዳንት ማታሬላ ለገንዘብ ሚኒስትርነት የቀረበላቸውን ዕጩ «አልሾምም» ብለው መልሰዋል። በእኛ ሀገር እንዲህ ያለ «አልፈርምም» ብትሰሙ ምን ትሉ ነበር?

ንጉሡና ዘጠኝ ሜይ

የጣልያን ሪፐብሊክ ሲነሳ እኛ እንደ ሌላው ሰው ዝም ብለን የምናልፈው ወሬ አይደለም። እጃችን አለበት። እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1936 ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ ንጉሡን ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛን «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» አሰኛቸው። ልክ በ10 ዓመቱ፣ ሜይ 9 ቀን 1946፣ እኚሁ ንጉሥ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀው ወደ ግብፅ ተሰደዱ። ልጃቸውም አንድ ወር ያህል ነው የነገሡት። ጁን 2 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፦ 12.7 ሚሊዮን ለሪፐብሊክ፣ 10.7 ሚሊዮን ለዘውድ። የጣልያን ሴቶች በሀገር አቀፍ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡትም ያን ቀን ነው። የማያስፈልጋቸውን የእኛን ዘውድ የጫኑት ሰውዬ የራሳቸውንም አጡ። (እናቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉት ለካ ለነገሥታትም ይሠራል!)

ከሁሉ የገረመን ግን ባንዲራቸው ላይ ያደረጉት ነው። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ የሆነው የጣልያን ባንዲራ መሃሉ ላይ የንጉሡ ቤተሰብ የሳቮይ ጋሻ ነበረበት። ሪፐብሊክ ሲሆኑ ሦስቱን ቀለሞች አልነኳቸውም፤ ጋሻውን ብቻ አነሱት። በቦታውስ ምን ተኩ? ምንም። ባዶ ተዉት። እርግጥ ዓርማ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው፣ ኮከብ፣ የማሽን ጥርስ፣ የወይራና የኦክ ዝንጣፊ ያለበት። እሱ ግን ለማኅተምና ለወረቀት ነው፤ ባንዲራው ላይ አይወጣም። መዝሙራቸውም እ.ኤ.አ. በ1946 «ለጊዜው ይሁን» ተብሎ ተጀምሮ በሕግ የጸደቀው በ2017 ነው። ለ71 ዓመት «ለጊዜው» እየዘመሩ ኖሩ፤ ማንም ግን በዚህ ምክንያት ጣልያንነቱ አልጎደለበትም።

የእኛስ መሃል?

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ሦስቱ ቀለሞቻችን እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ፣ ማለትም ከዓድዋ ማግስት አንስቶ፣ አብረውን አሉ። ንጉሥም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ቀለሞቹን አልጣሏቸውም። ጠባችን ሁሉ መሃሉ ላይ ነው። በንጉሡ ጊዜ ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበረ። ደርግ መጣና የአንበሳውን ዘውድ አወለቀበት፤ ቆይቶም አንበሳውን ራሱን አሰናበተው። በ1980 ዓ.ም. የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ ዓርማ መጣ። እሱም ሄደ። በ1988 ዓ.ም. በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ባለ ጨረር ኮከብ ገባ። ሕገ መንግሥቱ ስለ ዓርማው ሲናገር ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ያንጸባርቃል ይላል። ተስፋው መልካም ነው። እኛም እንፈልገዋለን።

ችግሩ የመጣው ተስፋው ግዴታ ሲሆን ነው። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማ የሌለውን ባንዲራ መጠቀም ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ኮከብ ያለውና የሌለው ባንዲራ ሁለት ሰፈር ሆኑ። አያት ከሳጥን አውጥታ የምትይዘው፣ ልጅ ለጥምቀት አንገቱ ላይ የሚጠመጥመው ጨርቅ የፖለቲካ መታወቂያ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ ጥር 12 ቀን የካ ሚካኤልን ለማጀብ ሲወጣ የእጁን ክር አንድ የጸጥታ ሰው በምላጭ ቆርጦበታል። ክሩ የ10 ብር ነበር። እሱ ግን እስከ ዛሬ ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል። የተቆረጠበት ክር ብቻ ስላልመሰለው ነው።

ይህ ቀላሉ ነው። በ2011 ዓ.ም. መባቻ የዚህች ከተማ ወጣቶች የመንገድ ጠርዝ በየትኛው ባንዲራ ቀለም ይቀባ በሚል ተጋጭተዋል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የክልል ባንዲራና መዝሙር በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ይኑር አይኑር በሚል ነገሩ ወደ ረብሻ ሄደ፤ ተማሪዎችም ታሰሩ። ልጅ እያለን ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ ይል ነበር፤ ተሸካሚው ከነሸክሙ፣ ነጋዴው ከነሚዛኑ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያቆም የነበረ ጨርቅ አሁን እየለየ የሚያቆም ሆኗል። እኛን የሚያሳስበን ይኸው ነው።

ጀርመን ሰፈር ያለ መፍትሔ

እንዲህ ያለው ጠብ በእኛ አልተጀመረም። ጀርመኖች በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግማሾቹ ጥቁር፣ ቀይ፣ ወርቅማ፤ ግማሾቹ የድሮውን ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ ይዘው ተፋጠጡ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1926 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃንስ ሉተር በውጭ ያሉ ኤምባሲዎች የድሮው ቀለም ያለበትንም ባንዲራ እንዲሰቅሉ የሚያደርግ ትእዛዝ በመውጣቱ ብቻ ከሥልጣን ወረዱ። አስቡት፤ በባንዲራ ምክንያት መንግሥት ወደቀ! ሰባት ዓመት ሳይሞላ ሪፐብሊኩም ተከተለ። በባንዲራ መጣላት ብቻውን ሀገር አያፈርስም። ነገር ግን ትኩሳት ነው፤ ውስጥ ያለውን በሽታ ይናገራል። ትኩሳቱን በምላጭ ቆርጦ ማዳን አይቻልም።

ከጦርነቱ በኋላ ያገኙት ዘዴ ግን ልብ የሚያሳርፍ ነው። ሁለት ባንዲራ አላቸው። ንስር ያለበት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ነው። ምንም የሌለበት የሕዝቡ ነው። በእነሱ ሀገር ደንብ የሚጥሰው ልሙጡን የያዘ ሳይሆን ንስር ያለበትን ያለ ፈቃድ የሚያውለበልብ ግለሰብ ነው! መንግሥት የራሱን ምልክት ለራሱ ያዘ፤ ሕዝቡን ከነቀለሙ ተወው።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ፣ ነገሩ የራሳችንም ነበር። በንጉሡ ዘመን አንበሳው የመንግሥት ነበር፤ ሰው በየቤቱ የሚይዘው ልሙጡን ነበር። ማለትም ከ50 ዓመት በፊት የነበረንን ጨዋነት ነው የምንጠይቀው። ኮከቡ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በፓርላማው፣ በኤምባሲዎቻችን ይውለብለብ፤ የሚወደውም ሰው በኩራት ይያዘው። ልሙጡን የያዘም ሰው በሰላም ይለፍ። ኮከቡን የሚወዱት ወገኖቻችን እኩልነት ሲሉ፣ ልሙጡን የሚወዱት ደግሞ ታሪክ ሲሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በፖሊስ ተገድዶ የተወደደ ምልክት ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ከተማውን ያየ ሰው ይህ ሁሉ ይገባዋል። የምኒልክ የእንጦጦ ቤት ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ፣ ዛሬ አንድ ሀብታም የሚንቀው ቤት ነው። ከዚያ ወርደው የሠሩትን ግቢ ዘውዱን ያወረደው ደርግም ገባበት፣ ደርግን የጣለው ኢሕአዴግም ገባበት። አሁን ደግሞ በየካ ኮረብታዎች ላይ «ጫካ» የተባለው የአዲስ ቤተ መንግሥት ግንባታ ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። እሱም ነገ የሚገባበት ተከራይ አይታወቅም። ተከራይ ሁሉ ይሄዳል። ካርታው የጋራ ስለሆነ መሃሉ ላይ ማንም ብቻውን ባይፈርምበት ደስ ይለናል።

አስተያየታችሁን አትንፈጉን። ስድብ ከሆነ ግን ቢያንስ በሦስት ቀለም ይሁን!

ቸር ያሰንብተን።