ከጉና ግርጌ በመንጠቆ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሲነሡ ቶሎ ትዝ የሚለን ገብስና ድንች እንጂ ዓሣ አይደለም። ነገር ግን ከደብረ ታቦር ተነሥተን የጉናን ተራራ በግራ እያየን ወደ እስቴ ስንጓዝ፣ አገሩ የውሃ አገር መሆኑን እንረዳለን። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ የስማዳ ቆላ ወንዞች ወደ ዓባይ፣ የታች ጋይንቶቹ ወደ በሽሎ ይፈስሳሉ።

ልጆቻችንን ይዘን በበጋ ወደ ቆላው ብንወርድ ዓሣው የት ይገኛል? ውሃ ሲጎድል ዓሣ የሚሰበሰበው በጥልቁ ኩሬና ውሃ ላይ ባጠላ ዛፍ ሥር ነው። በመንጠቆው ላይ የምድር ትል፣ ፌንጣ ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ማድረግ ይበቃል። ማለዳና አመሻሽ ይመረጣል።

የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚበትኑም አሉ። ብርብራ ግን ትልቁንም ጫጩቱንም አፍኖ ይገድላል፤ ለከርሞ የሚተርፍ የለም። መንጠቆ የሚወስደው ለእራት የሚበቃውን ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ወቅቱን እንወቅ። የጣና ነጭ ዓሣ በነሐሴና በመስከረም እንቁላሉን በጠጠር ላይ ለመጣል ጉማራንና ርብን ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ መዘርጋት እናቲቱን ከነልጆቿ መፍጀት ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. በባሕር ዳር አካባቢ በመረብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ያህል ቀንሷል።

ስለዚህ እናቶች፣ በነሐሴ ገበያ ሆዱ በእንቁላል የተሞላ ነጭ ዓሣ ሲቀርብልን፣ «ሌላ ዓሣ አምጣልኝ» ማለት ከእኛ ይጠበቃል።