ዓሦች የሚታፈኑበት ሰዓት

የንባብ ክፍል፦ ዮሐንስ 21፥1-17፤ 1ኛ ነገሥት 19፥1-8



በጓሮው ዓሣ የሚያረባ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ኩሬ በቀን ሲታይና ሊነጋጋ ሲል ሲታይ አንድ ኩሬ አይመስልም። ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ውሃው ለምለም አረንጓዴ ነው፤ ፍርፋሪ ስትወረውሩ ዓሦቹ ውሃውን እያንቦጫረቁ ይሻማሉ። ያው ኩሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሞት አፋፍ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ስለዚህች ሰዓት ላካፍላችሁ እወዳለሁ። በመካከላችንም በዚህች ሰዓት የሚታፈኑ ወንድሞችና እህቶች አሉና።

አገራችንን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጉምና ብርድ የማይለየው በር ነው። መንገደኛ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፤ ጋቢውን እያወለቀ ወደ ይፋት ቆላ ይገባል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ማሽላው፣ ማሾውና ሽንኩርቱ የሚወዱት ሙቀት ለዓሣም ይስማማል። ቆሮሶ ወይም ቴላፒያ የምንለው ዓሣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውሃ ደህና አድርጎ ያድጋል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ ጣርማ በር አናት ላይ የማይታሰበው ሥራ እታች በአንድ ጓሮ ውስጥ ይቻላል።

ከምእመናኖቻችን አንዱ፣ የመዘምራን መሪ የሆነ ወጣት፣ ይህን ሥራ ጀመረ። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጂኦሜምብሬን አነጠፈበት፤ ውሃ ሞላው፤ 200 የዓሣ ጫጩት ለቀቀበት። ጎረቤት መጀመሪያ ሳቀ። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ግን ደንበኛው ሆነ። ልጁ በዚያ ገንዘብ እናቱን ይጦር ነበር፤ ታናሽ ወንድሙንም ያስተምር ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ብዙዎቻችን የያዝነውን ይዘን፣ ያልያዝነውን ትተን፣ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ስንመለስ የዚህ ወንድማችን ቤት ባዶ ነበር። ታናሽ ወንድሙን በዚያው ወር ቀበረ። ኩሬው ጋ ሲሄድ ግን ዓሦቹ አሉ። መጋቢ ባይኖራቸውም በውሃው ውስጥ ያለውን ረቂቅ ምግብ እየለቀሙ ቆይተዋል። «እግዚአብሔር ይህን ተወልኝ» ብሎ በጉባኤ ሲመሰክር ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ልጁ እረፍት የሚባል ነገር አላወቀም። እሑድ መዝሙር ይመራል፤ ረቡዕ የወጣቶች ኅብረት ይመራል፤ ዓርብ የአዳር ጸሎት ላይ አለ፤ በየሠፈሩ የሐዘን ቤት ያጽናናል። በኩሬውም እንዲሁ። የጠፋውን ለመተካት ብሎ ፋንድያውን ጨመረ፤ ፉርሽካውን ጨመረ፤ ጫጩቱን ጨመረ። ውሃው ከምንጊዜውም ይበልጥ አረንጓዴ ሆነ። ያየው ሁሉ «ተባርኳል» አለ።

እዚህ ላይ የኩሬን ነገር ላስረዳችሁ። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ዋቅላሚ የሚባሉ በዓይን የማይለዩ ረቂቃን ናቸው። ፋንድያ ሲጨመር እነርሱ ይበዛሉ፤ ዓሣውም ይመገባቸዋል። ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሰጣሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መስጠታቸው ይቆማል፤ እነርሱ ራሳቸው፣ ዓሣውም፣ ከታች የሚበሰብሰው ፋንድያና ትርፍ ምግብም ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ኦክስጅን ይካፈላሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑ እጅግ የሚያንሰው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ቀኑ ደመናማ ሆኖ ከዋለ ደግሞ የባሰ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ክንዳቸውን ውሃው ውስጥ ይከታሉ፤ ውሃው ክርናቸው ሳይደርስ ጣታቸው ከጠፋባቸው «በዝቷል» ብለው ፋንድያውን ያቆማሉ። በቀን እጅግ ለምለም የሚመስለው ውሃ ሌሊት ፈጥኖ የሚያፍነው ነው።

በዚያው ክረምት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ደመና ከዋለ በኋላ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዓሦቹ እያለቁብኝ ነው።» ቤታችን ቅርብ ስለሆነ ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ። እናቱ የስልክ መብራት ይዘው ቆመዋል። ዓሦቹ በሙሉ ውሃው ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው አየር ይስባሉ። ያ አፍ አሁንም በዓይኔ ላይ አለ። ከሮቶው በጎማ አዲስ ውሃ ለቀቅን፤ በባልዲ እየቀዳን ከከፍታ መልሰን እናፈሳለን፤ ውሃው አየር እንዲያገኝ። ፀሐይ እስክትወጣ እንዲህ ሠራን። 41 ዓሣ ሞተ። የቀሩት ቀስ በቀስ ወደ ታች ሰጠሙ፤ ዳኑ ማለት ነው።

ደክሞን ኩሬው ዳር ተቀመጥን። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ፓስተር፣ እኔንም የሚያንቀኝ በዚህ ሰዓት ነው» አለኝ። ከኅዳር ወዲህ ሌሊት ደህና ተኝቶ አያውቅም። ወንድሙን ያያል። ይነሣል፤ ኩሬው ዳር ይቀመጣል። ሲነጋ ልብሱን ለብሶ መዝሙር ሊመራ ይመጣል። እኛ ሁላችን የምናየው በቀን ነበር።

ወገኖቼ፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 21ን ከዚያ ቀን ወዲህ እንደገና አነበብኩት። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ጌታ በባሕሩ ዳር የቆመው ሊነጋ ሲል ነው። ፍም አንድዶ፣ ዓሣ በላዩ አስቀምጦ፣ እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ይህ የፍም እሳት የሚለው የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል። አንዱ እዚህ ነው። ሁለተኛው በዮሐንስ 18፥18 በሊቀ ካህናቱ ግቢ ነው፤ ጴጥሮስ እየሞቀ ጌታውን የካደበት፣ ዶሮም የጮኸበት ሌሊት። ጌታ ጴጥሮስን ያገኘው በዚያው ዓይነት እሳት አጠገብ፣ በዚያው በንጋት አካባቢ ነው። ልቡ የተሰበረበትን ሰዓት ያውቃል፤ የመጣውም በዚያ ሰዓት ነው።

ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። ጌታ ጴጥሮስን ስለ ፍቅሩ የጠየቀው፣ በጎቹንም እንዲጠብቅ አደራ የሰጠው ቁርስ ከበሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ አበላው። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ሞትን በተመኘ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ከክትክታው በታች ለተኛው ነቢይ መልአኩ ስብከት ይዞ አልመጣም፤ የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ይዞ መጣ። በላ፤ ጠጣ፤ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ ደግሞ አበላው። ጥያቄው የመጣው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

የዚያን ሳምንት የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ልጁ ለጥቂት ወራት ከአገልግሎት እንዲያርፍ ሐሳብ አቀረብኩ። «አገልግሎት ካቆመ ይቀዘቅዛል» ያሉ ነበሩ። ስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ከአገልግሎት ርቆ ከቤቱም ሲርቅ አይተዋል። እኔ ግን የዚያን ሌሊቱን ኩሬ ነገርኳቸው። ውሃ ሲታፈን ፋንድያ አይጨመርበትም፤ አዲስ ውሃ ነው የሚለቀቅለት። ተስማማን። መዝሙሩን ሌላ ሰው ያዘ። ሁለት ወንድሞች በየተራ ሊነጋጋ ሲል ቤቱ እየሄዱ አብረውት ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ቀን ይጸልያሉ፤ አንዳንድ ቀን ሻይ ብቻ ይጠጣሉ። ወደ ጤና ባለሙያም ሄደ፤ ይህም ከእምነት ማነስ አይደለም፤ እግዚአብሔር ኤልያስን በእንጎቻም ረድቶታልና። ዛሬ ወንድማችን ፈጽሞ ድኗል ብዬ አልጽፍም። አሁንም የሚነሣባቸው ሌሊቶች አሉ። ብቻውን ግን አይነሣም። መዝሙርም በወር አንድ እሑድ ይመራል።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ምናልባት ቀንህ ለምለም፣ ሌሊትህ ጭንቅ ይሆናል። ምናልባት ሁሉ የሚያመሰግንሽ አገልጋይ ሆነሽ ንጋት ላይ አየር አጥሮሽ ይሆናል። ጌታ በዚያ ሰዓት በዳር ቆሟል። የሚጠይቅህ ገና ብዙ ዓሣ አይደለም፤ መጀመሪያ ቁርስ አዘጋጅቶልሃል። ገና ጌታን የማታውቅ ከሆንክም ያው እሳት ለአንተም ነድዷል፤ ቀርበህ ሙቅ።

እናንተ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ደግሞ፣ በጎቻችሁን በጉባኤ መብራት ብቻ አትዩ። አንዳንድ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ሂዱ። ባልዲም ያዙ።

ለማሰላሰል
1. በሕይወቴ «ለምለም» የሚመስለው ነገር እውነት ሕይወት እየሰጠኝ ነው ወይስ እያፈነኝ?
2. ሌሊቴን የሚያውቅ አንድ ሰው አለኝ? ከሌለኝ ዛሬ ለማን ልንገር?
3. በዚህ ሳምንት ቤቱ ልሄድለት የሚገባኝ «ደህና ነው» ብዬ ያለፍኩት ሰው ማን ነው?

ጸሎት
አባት ሆይ፣ ሌሊቴን ታውቃለህ። በቀን የማይታየውን ድካሜን በፊትህ አኖራለሁ። የደረቀውንና የታፈነውን ነፍሴን በመንፈስህ አድስ። የምሰጥህን ከመቁጠሬ በፊት ያዘጋጀህልኝን እንድቀበል እርዳኝ። ብቻቸውን ንጋትን ለሚጠብቁት እኔን ላከኝ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።